«ስሙን ተክቶ መሄድ ነው» ለተባለው የተሰጠ ምላሽ፦ ከዲፎልት ኤችቲቲፒ ክላየንት ስለ መውጣት

ባሕር ዳር ውስጥ በጃቫ የሚሠሩ ልጆች ሰሞኑን እየተቀባበሉ የሚያነቡት አንድ ጽሑፍ አለ። «አሮጌውን ክላየንት በአንድ ከሰዓት» ይሰኛል። ጸሐፊው የሚሉት በአጭሩ ይኸው ነው፦ የአፓቺው ዲፎልት ኤችቲቲፒ ክላየንት፣ ማለትም የጃቫ ፕሮግራም ሌላ ሰርቨርን የሚጠራበት ክላስ፣ ከቨርዥን 4.3 ጀምሮ ዲፕሪኬትድ (አትጠቀሙበት የተባለ) ሆኗል፤ ስለዚህ ኮዱ ውስጥ ያለበትን ቦታ ሁሉ ፈልጎ በክሎዘብል ኤችቲቲፒ ክላየንት መተካት፣ ኮምፓይል ማድረግ፣ ከዚያ ሰርቨር ላይ መጫን ነው። ከዚህ ጋር ስለ ታይምአውት (የመጠበቂያ ገደብ)፣ ስለ ፑል (ተራ በተራ የሚሠራባቸው የኮኔክሽኖች ክምችት)፣ ስለ አማርኛ ጽሑፍና ስለ ሰርተፊኬት ምክር አክለዋል።

ከመነሻው ጋር ጠብ የለንም። 4.3 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ዛሬም በዚያ ክላስ የሚሠራ የሆቴል ክፍል ማስያዣ ወይም የጀልባ ትኬት መቁረጫ ካለ መሻገር አለበት። ጠባችን «ኮምፓይል ካደረገ ተሻግሯል» ከሚለው ጋር ነው። ኮምፓይለር የሚያየው ታይፕን ነው። በዚህ ሽግግር በብዛት የሚለወጠው ግን ክላየንቱ ማንም ሳያዝዘው በራሱ የሚያደርገው ነገር ነው። በጸሐፊው ቅደም ተከተል እንሂድ።

«ስሙን መተካት ይበቃል፤ የቀረውን ኮምፓይለሩ ይነግራችኋል።»

አይነግርም። አሮጌ ኮድ ብዙ ጊዜ ቫሪያብሉን የሚያውጀው በኢንተርፌሱ፣ ኤችቲቲፒ ክላየንት ብሎ ነው። ከእኩል ምልክቱ በስተቀኝ ያለውን ብቻ ወደ አዲሱ ሲቀይሩት፣ ከሥሩ ያለው ጌት ፓራምስ የሚል ጥሪ ዋርኒንግ ብቻ አሳይቶ ያልፋል፤ ሜተዱ ኢንተርፌሱ ላይ አሁንም አለና። ሲሮጥ ግን አንሰፖርትድ ኦፐሬሽን ኤክሴፕሽን ይወረውራል። አዲሱ ክላየንት አንዴ ከተሠራ በኋላ አይነካካም፤ ሴቲንጉ ሁሉ አስቀድሞ በቢልደሩ (ክላየንቱን በሚሠራው ክላስ) በኩል ነው የሚገባው። በጌት ኮኔክሽን ማኔጀር በኩል ስኪም ሬጂስትሪውን ለማግኘት የሚሞክር ኮድም ዕጣው ያው ነው። በዚያው መንገድ ሻትዳውን ብሎ መዝጋት ግን ይሠራል፤ ቢሆንም በክሎዝ ይተካ።

እንዲህ ያለ ጥሪ አልፎ አልፎ ብቻ በሚኬድበት ኢፍ ውስጥ፣ ለምሳሌ ፕሮክሲ ሲኖር ብቻ በሚገባበት ቦታ ከተቀመጠ፣ የሚፈነዳው ደንበኛው እጅ ላይ ነው። ስለዚህ አንድም ነገር ሳይተካ በፊት ዝርዝር ይወጣል። የጃቫ ኮምፓይለሩ ጃቫሲ በልማዱ «ዲፕሪኬትድ ነገር የሚጠቀሙ ፋይሎች አሉ» ብሎ ያልፋል፤ ኤክስ-ሊንት ዲፕሪኬሽን የሚለውን ፍላግ ሲሰጡት ግን መስመር በመስመር ይዘረዝራል። ዝርዝሩ 100 ላይ ሲቆም አለቀ እንዳትሉ፤ 100 የጃቫሲ የራሱ ገደብ ነው፣ ኤክስ-ማክስዋርንስ በሚለው ፍላግ ከፍ ይደረጋል። ጸሐፊው ዋርኒንጉን በሰፕረስ ዋርኒንግስ «ለጊዜው» ዝም ማሰኘት ይቻላል ይላሉ። አልሸሹም ዞር አሉ ነው፤ ቆይቶ የሚያስፈልገው ዝርዝር የሚጠፋው በዚሁ ነው።

«ሶኬት ታይምአውትን 5000 አድርጉት፤ ከ5 ሰከንድ በላይ የሚቆይ ጥሪ አይኖርም።»

ይኖራል፣ ያውም ሰዓታት የሚቆይ። ሪኩዌስት ኮንፊግ ላይ ሦስት ታይምአውቶች አሉ፤ ሁሉም በሚሊሰከንድ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ኮኔክት ታይምአውት ከሰርቨሩ ጋር ግንኙነት እስኪፈጠር የሚጠበቀው ነው። ሶኬት ታይምአውት ግንኙነቱ ከተፈጠረ በኋላ ዳታ ሳይመጣ የሚቆየው ዝምታ ነው እንጂ የጠቅላላው ጥሪ ዕድሜ አይደለም፤ በየ4 ሰከንዱ አንድ ባይት የሚያንጠባጥብ ሰርቨር የ5000 ገደቡን ፈጽሞ አይነካውም። ሦስተኛው ኮኔክሽን ሪኩዌስት ታይምአውት ነው፤ ከፑሉ ነጻ ኮኔክሽን እስኪገኝ የሚጠበቀው። ይህ ሳይሞላ ሲቀር በ4ኛው ትውልድ ትርጉሙ «እስከ መቼም ጠብቅ» ነው፤ ጸሐፊው ስሙንም አላነሱት።

ኮኔክት ታይምአውቱም ቢሆን የሚቆጠረው ለእያንዳንዱ አይፒ አድራሻ ነው። የሰርቨሩ ስም 3 አድራሻ ቢኖረውና ሦስቱም የማይደረሱ ቢሆኑ 5 ሰከንዱ 15 ይሆናል። መስመር ቆረጥ ቀጠል በሚልበት ሰዓት «5 ብዬው ለምን 15 ቆየ» የሚያሰኘው ይኼ ነው። ለጠቅላላው ጥሪ ጣሪያ የሚፈልግ ሰው ሰዓት በሌላ ስሬድ (ጎን ለጎን በሚሮጥ የሥራ ክር) ይዞ ጥሪው ላይ አቦርት ይጠራል።

ለመነሻ ያህል ኮኔክቱን ከ3000 እስከ 5000፣ የፑሉን 2000 ማድረግ አያስወቅስም። ሶኬቱ ግን እንደ ጥሪው ዓይነት ይለያይ። የክፍል ዋጋ ለማየት 5000 በቂ ነው፤ የክፍያ ጥሪ ላይ ግን እንዲህ ማሳጠር ገንዘቡ ተቆርጦ መልሱ ሳይደርስ የሚቀርበትን ጉዳይ ያበዛል፤ እዚያ 30000 ቢሆን ይሻላል። ሪኩዌስት ኮንፊግ በየጥሪው መሰጠት ስለሚችል ለዚህ ሁለት ክላየንት አያስፈልግም። ለመፈተን ደግሞ ኔትካትን 8080 ፖርት ላይ አዳማጭ አድርጎ ምንም ሳይመልሱ ዝም ማለት የሶኬቱን ታይምአውት ያሳያል፤ ኮኔክቱን ለማየት 192.0.2.1ን መጥራት ነው፤ ለሰነድ ምሳሌ ብቻ የተከለለ አድራሻ ስለሆነ ማንም አይመልስበትም።

«ለእያንዳንዱ ጥሪ አዲስ ክላየንት ክፈቱ፤ ትራይ ውስጥ ከገባ በራሱ ይዘጋል።»

እውነት ነው፣ ይዘጋል። ችግሩ ዋጋው ነው። ክላየንቱ ሲዘጋ ኮኔክሽኑም አብሮ ይዘጋል፤ ቀጣዩ ጥሪ ሁሉን ከዜሮ ይጀምራል፦ ለቲሲፒ አንድ ደርሶ መልስ፣ ለሙሉ የቲኤልኤስ 1.2 መተዋወቂያ ሁለት። አንዱ ደርሶ መልስ 150 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ የጥሪው የመጀመሪያ ፊደል ሳይላክ 450 ሚሊሰከንድ አለቀ ማለት ነው። ሰርቨሩ ውጭ ሀገር፣ ተጠቃሚው ጣና ዳር ሲሆን ይኼ በዓይን የሚታይ መዘግየት ነው። አንድ ክላየንት ሠርቶ አፕሊኬሽኑ እስኪዘጋ ለሁሉም ስሬድ ማጋራት ነው ትክክሉ፤ ክላሱ የተሠራውም ለዚያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ መጣን፤ የጋራ ክላየንት ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋልና።

በ4.2 ላይ አሮጌው ክላየንት የሚይዘው አንድ ኮኔክሽን ብቻ ነበር። ሪስፖንሱን ሳይጨርሱ ወይም ሳይለቁ ሌላ ጥሪ ቢያደርጉ ወዲያውኑ ኢሊጋል ስቴት ኤክሴፕሽን ይጮህ ነበር፤ «ኮኔክሽኑ ገና ተይዟል፣ መጀመሪያ ልቀቀው» ይላል መልእክቱ። የሚያናድድ ነበር፣ ግን ሐቀኛ ነበር። አዲሱ ክላየንት በልማዱ ፑል ይዞ ነው የሚመጣው፦ ወደ አንድ ሰርቨር 2፣ በጠቅላላው 20 ኮኔክሽን። ያልተዘጋ ሪስፖንስ አንዱን ይዞ ይቀራል፣ ድምፅ የለም። ሁለተኛው ሁለተኛውን ይይዛል፣ አሁንም ድምፅ የለም። ሦስተኛው ጥሪ ይቆማል፣ ኮኔክሽን ሪኩዌስት ታይምአውት ስላልተሞላም ቆሞ ይቀራል። ወደቡ ላይ ያሉት ሁለቱ ጀልባዎች ሄደው ካልተመለሱ፣ ሦስተኛው ቡድን ተሰልፎ ማምሸቱ ነው።

ፍሳሹ (ኮኔክሽን ተወስዶ ሳይመለስ መቅረቱ) በአብዛኛው የሚገኘው የት ነው? ስታተስ ኮዱ 200 (ተሳክቷል) ካልሆነ ኤክሴፕሽን የሚወረውረው መስመር ላይ። ኮዱ ሪስፖንሱን ይቀበላል፣ ቁጥሩን ያያል፣ 500 (የሰርቨር ብልሽት) ሆኖ ሲያገኘው ቦዲውን፣ ማለትም የመልሱን ይዘት፣ ሳያነብ ይወረውራል። ላፕቶፕ ላይ ሲሞከር የሙከራው ሰርቨር ሁልጊዜ 200 ስለሚመልስ አይታይም። የጥምቀት ሰሞን ሆቴሉ ሲሞላ፣ የክፍያው ሰርቨር ተጨናንቆ ሁለት ጊዜ 500 ሲመልስ ግን ክፍል ማስያዣው ጸጥ ይላል። ፕሮሰሱ አልሞተም፣ ሲፒዩውም ሥራ ፈት ነው፣ ሎጉም ባዶ ነው። ሪስታርት ሲደረግ ይነሳል፤ ስለዚህ «ሪስታርት ይፈታዋል» ተብሎ ይታለፋል።

ምልክቶቹ ግን ግልጽ ናቸው። ጄስታክ (ስሬዶቹ የት እንደቆሙ የሚያሳየው የጃቫ መሣሪያ) ሲወሰድ ስሬዶቹ ሁሉ ሊዝ ኮኔክሽን የሚለው ሜተድ ላይ ተደርድረው ይገኛሉ። የኔትወርክ ግንኙነቶችን የሚዘረዝረው ኔትስታት ደግሞ ሰርቨሩ ከወዲያ ዘግቶት እኛ ያልዘጋነውን ኮኔክሽን ክሎዝ ዌት ብሎ ያሳያል። መድኃኒቱ ሪስፖንሱን ራሱን ትራይ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ክላየንቱን አይደለም። ከመዘጋቱ በፊት ቦዲውን በኢንቲቲ ዩቲልስ ኮንሱም ብሎ መጨረስም ይገባል፤ ሳይነበብ የተዘጋ ሪስፖንስ ኮኔክሽኑን ወደ ፑል አይመልሰውም፣ ይቆርጠዋል። አይፈስም፣ ግን የተቆጠበው 450 ሚሊሰከንድ ተመልሶ ይባክናል።

ሳይቃጠል በቅጠል ከተባለ ደግሞ የሙከራው ኮንፊግ ላይ ፑሉን 1፣ ኮኔክሽን ሪኩዌስት ታይምአውቱን 2000 አድርጎ ቴስቱን ሁሉ ማስሮጥ ነው፤ ሰርቨሩ 404 እና 500 የሚመልስባቸው ቴስቶችም ይኑሩበት። የሚፈስ ቦታ ካለ ቀጣዩ ጥሪ በ2 ሰከንድ ውስጥ ኮኔክሽን ፑል ታይምአውት ኤክሴፕሽን ይጮኻል። ፕሮዳክሽን ላይ ጌት ቶታል ስታትስ የሚመልሳቸውን ቁጥሮች በየደቂቃው ሎግ ማድረግ ይበቃል፦ ሊዝድ ወጥቶ በሥራ ላይ ያለው ነው፣ ፔንዲንግ ወረፋ የያዘው። ጥሪ በሌለበት ሌሊት ሊዝድ ዜሮ ካልሆነ ፍሳሽ አለ።

የጋራ ክላየንት ሌላም መዘዝ አለው፤ ኩኪ። ለየጥሪው አዲስ ክላየንት ሲከፈት ኩኪው አብሮ ይጠፋ ነበር። ሲጋራ ግን ለአንዱ እንግዳ የተሰጠው የሴሽን ኩኪ በሌላው እንግዳ ጥሪ ላይ ተሰፍቶ ይሄዳል። ኩኪ የማያስፈልገው ዲስኤብል ኩኪ ማኔጅመንት ይበል፤ የሚያስፈልገው ለየተጠቃሚው የራሱን ኩኪ ስቶር በኮንቴክስት በኩል ይስጥ።

«ማክስ ኮን ቶታልን 200 ብትሉት ፍጥነቱ ይመጣል።»

አይመጣም፣ ለምን ቢሉ ሌላኛው ቁጥር 2 ላይ እንደቆመ ነው። ጠቅላላው 200 ሆኖ በሩት (ለአንድ መድረሻ ሰርቨር) የሚፈቀደው 2 ከሆነ፣ ሁሉም ጥሪ ወደ አንድ የክፍያ ሰርቨር በሚሄድበት ሲስተም ውስጥ 198ቱ ጌጥ ናቸው። ማክስ ኮን ፐር ሩት የሚለውንም መሙላት ያስፈልጋል። ስንት? በሰከንድ የሚመጣውን ጥሪ አንዱ ጥሪ በሚፈጀው ሰከንድ ማባዛት ነው። አንዱ ጥሪ 0.8 ሰከንድ ቢፈጅ፣ 2 ኮኔክሽን በሰከንድ ከ2.5 ጥሪ በላይ አያሳልፍም። በሰከንድ 20 የሚጠበቅ ከሆነ 16 ያስፈልጋል፤ ለመጠባበቂያ 20 ይባል። 200 ብሎ መክፈት የራስን ወረፋ ሰው ሰርቨር ደጃፍ ላይ ማዛወር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኮኔክሽን ማኔጀሩን ራስዎ ሠርተው በሴት ኮኔክሽን ማኔጀር ከሰጡ፣ ቢልደሩ ላይ የተጻፉት የፑል ቁጥሮችና የኤስኤስኤል ሴቲንጎች ሁሉ ቸል ይባላሉ። ኤረር የለም፣ ዋርኒንግም የለም። ቁጥሮቹ ማኔጀሩ ላይ ነው መሞላት ያለባቸው።

«የአማርኛ ጽሑፍ ጥያቄ ምልክት የሚሆነው በአሮጌው ክላየንት ጥፋት ነው፤ አዲሱ ይፈታዋል።»

አይፈታውም። ጥፋቱ የክላየንቱ አይደለም፤ ስትሪንግ ኢንቲቲ የሚባለው ክላስ ኢንኮዲንግ ካልተነገረው አይኤስኦ 8859-1ን ይወስዳል፤ በአሮጌውም በአዲሱም። በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ስለሌለ እያንዳንዱ ፊደል በ«?» ይተካል። መድረሻው «ዘጌ» የሆነ ትኬት «??» ሆኖ ይሄዳል፤ «ክብራን ገብርኤል» ደግሞ «???? ?????»። ጥፋቱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ በባይት ቁጥር ይታወቃል፦ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው፤ «ዘጌ» ብቻ ሲላክ ኮንተንት ሌንግዝ 6 መሆን አለበት። 2 ከሆነ ጽሑፉ ከእኛ ዘንድ ሳይወጣ ሞቷል፤ ዳታቤዙን መመርመር ጊዜ ማባከን ነው፣ የጠፋውንም ማንም አይመልሰውም።

ለጄሰን ኮንተንት ታይፕ አፕሊኬሽን ጄሰን የሚለውን ኮንስታንት አብሮ መስጠት ነው፤ በውስጡ ዩቲኤፍ-8ን ይዟል። ፎርም የሚልክም ዩአርኤል ኢንኮድድ ፎርም ኢንቲቲ ላይ ዩቲኤፍ-8 ብሎ ይጻፍ። መልስ ሲነበብም ሰርቨሩ ቻርሴቱን ሳይናገር ተራ ጽሑፍ ከላከ በዚያው በአሮጌው ሰንጠረዥ ነው የሚፈታው፤ እዚያ ግን የሚታየው «?» ሳይሆን «á» እያለ የሚጀምር ዝብርቅርቅ ነው። እሱ ባይቱ ስላልጠፋ ይድናል።

ጸሐፊው ያላነሱት አንድ ለውጥ እግረ መንገዱን ይነሳ። አሮጌው ክላየንት ጂዚፕ (የተጨመቀ ዳታ) አይጠይቅም፣ አይፈታምም ነበር፤ አዲሱ ራሱ ጠይቆ ራሱ ይፈታል። መልካም ነው፣ ዳታ ይቆጥባል። ነገር ግን ከተፈታ በኋላ ጌት ኮንተንት ሌንግዝ -1 ይመልሳል። በዚያ ቁጥር የባይት አሬይ የሚሠራ አሮጌ ኮድ ኔጋቲቭ አሬይ ሳይዝ ኤክሴፕሽን ይወረውራል፤ የመጫኛ ፐርሰንት የሚያሳይም ይዛባል።

«ሰርተፊኬት እምቢ ካለ ሁሉንም እመን በሉት፤ የሆስትኔም ምርመራውንም አጥፉት።»

ይህ በክፍያ መስመር ላይ የሚሰጥ ምክር አይደለም። ሆቴል ዋይፋይ ላይ የተቀመጠ ማንም ሰው መሐል ገብቶ የክፍያ ሰርቨሩን መምሰል ይችላል ማለት ነው። እምቢታው ምክንያት አለው፤ ብዙ ጊዜም ጃቫው ማርጀቱ ነው። ሰርተፊኬት ሰጪው ሌትስ ኤንክሪፕት የሚጠቀምበት ዋና ሰርተፊኬት፣ አይኤስአርጂ ሩት ኤክስ1፣ ጃቫ 8 ውስጥ የገባው በአፕዴት 141 ነው፤ ቀድሞ ያሻግር የነበረው ዲኤስቲ ሩት ኤክስ3 ደግሞ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ማብቂያ ጊዜው አልፏል። የቆዩ የጃቫ 7 አፕዴቶችም በልማዳቸው ቲኤልኤስ 1.2ን ከክላየንት በኩል አይከፍቱም። ስለዚህ መጀመሪያ ጃቫው ይታደስ። ሰርቨሩ ራሱ የፈረመውን ሰርተፊኬት የሚጠቀም ከሆነ ያንን አንድ ሰርተፊኬት በጃቫው ኪቱል መሣሪያ ወደ ተለየ ትረስት ስቶር (የሚታመኑ ሰርተፊኬቶች ማኖሪያ) አስገብቶ፣ ከእሱ ኤስኤስኤል ኮንቴክስት ሠርቶ መስጠት ነው። የራሱን ኮኔክሽን ማኔጀር የሠራ ሰው ይህንንም የሚሰጠው ለማኔጀሩ ሬጂስትሪ ነው፤ ከላይ ያልነው ወጥመድ እዚህም አለ።

«የአንድሮይድ አፕም ካላችሁ በዚሁ መንገድ አሻግሩት።»

አይሆንም። አንድሮይድ የአፓቺን ክላየንት ከ6.0፣ ማለትም ከኤፒአይ 23 ጀምሮ አውጥቶታል። ትኬት ቆራጩ ስልክ ላይ ያለው አፕ ወደ ኦኬኤችቲቲፒ ወይም ወደ ኤችቲቲፒ ዩአርኤል ኮኔክሽን ይሻገር፤ የተለየ ሥራ ነው።

«ከዚህ ሁሉ በቀጥታ ወደ ቨርዥን 5 ዝለሉ፤ የሚቀየረው የፓኬጁ ስም ብቻ ነው።»

ወደ 5 መሄድ ጥሩ ነው፤ 5.0 ከወጣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ቆይቷል። የሚቀየረው ግን የፓኬጅ ስም ብቻ አይደለም። ታይምአውት ቁጥር መሆኑ ቀርቶ ራሱን የቻለ ታይፕ ሆኗል፤ በሪኩዌስት ኮንፊግ ላይ የሶኬት ታይምአውትን ቦታ ሪስፖንስ ታይምአውት ይዟል፤ ከ5.2 ጀምሮ የኮኔክት ታይምአውት ቦታው ኮኔክሽን ኮንፊግ ነው። ስታተስ ላይን ዘልቆ ስታተስ ኮድ መፈለግ ቀርቷል፣ ጌት ኮድ ነው። የፑሉ ልማድም 2 እና 20 ሳይሆን 5 እና 25 ነው፤ ወረፋውም ዘላለም መሆኑ ቀርቶ በ3 ደቂቃ ያበቃል፤ ፍሳሽ ያለበት ኮድ እዚያ የሚታመመው ዘግየት ብሎ ነው።

መንገዱ በሁለት እርከን ቢሆን ይመረጣል፦ መጀመሪያ ወደ 4.5፣ የዲፕሪኬሽን ዝርዝሩ ባዶ እስኪሆን፤ ከዚያ ወደ 5። የ4 እና የ5 ፓኬጆች ስማቸው የተለያየ ስለሆነ በአንድ ክላስፓዝ ላይ አብረው መኖር ይችላሉ፤ ሞጁል በሞጁል ማሻገር ይቻላል። በቅድሚያ የዋጋና የነጻ ክፍል ማያው ይሂድ፣ ክፍያው መጨረሻ።

ክፍያውን ወደ መጨረሻ የሚያስገፋው የድጋሚ ሙከራ ልማዱ ነው። 4 የኔትወርክ ብልሽት ሲገጥመው እስከ 3 ጊዜ ይደግማል፤ ቦዲ ያለውንና ተልኮ ያለቀውን ፖስት ግን አይደግምም። 5 ደግሞ ከኔትወርክ ብልሽት ሌላ ሰርቨሩ 429 (ጥሪ በዛ) ወይም 503 (ለጊዜው አልችልም) ሲመልስም ከ1 ሰከንድ በኋላ አንድ ጊዜ ሊደግም ይችላል። ሰርቨሩ 503 ከማለቱ በፊት ሂሳቡን ቆርጦ እንደሆነ ክላየንቱ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ስለዚህ የክፍያ ጥሪ የሚልከውን ክላየንት ለብቻው ሠርቶ ዲስኤብል ኦቶማቲክ ሪትራይስ ማለት ነው፤ ድጋሚ መላክ ካስፈለገም የትራንዛክሽን ቁጥሩን ይዞ መጀመሪያ «ይህ ተከፍሏል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው የራሳችን ኮድ ይላከው።